ቀን ቆርጠው ያነበቡ

(በሬዲዮ ዝግጅት ላይ ከቀረበ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የወረደው የመጀመሪያው ወሕይ በንባብ ትእዛዝ መጀመሩን የማያውቅ ሙስሊም የለም። በየዳዕዋው እንሰማዋለን፤ ለልጆቻችንም ደጋግመን እንነግራቸዋለን። ነገር ግን «ባለፈው ዓመት ጀምራችሁ የጨረሳችሁት ኪታብ ስንት ነው?» ብንባል ብዙዎቻችን አንገታችንን እንደፋለን። በየቤታችን መደርደሪያ ላይ ያሉት ኪታቦች ከአቧራ በቀር የሚጎበኛቸው የለም።

በዚህ ዘመን አንዳንድ ወጣቶች «በዚህ ዓመት ይህን ያህል መጽሐፍ አነባለሁ» ብለው ከራሳቸው ጋር ቃል ሲገባቡ እንሰማለን። ነገሩን የሚደግፉ አሉ። «ይህ ከፈረንጅ የመጣ ልማድ ነው» ብለው ፊታቸውን የሚያዞሩም አሉ። ታሪካችንን ስንመረምር ግን ጊዜ ወስኖ፣ የሚነበበውን ለይቶ፣ ቀን ቆርጦ ማንበብ የቀደምት ዑለማዎቻችን ልማድ ሆኖ እናገኘዋለን። የዛሬው ዝግጅታችን ከእነርሱ ጥቂቶቹን ያነሳል።

ከሁሉ የቀደመው መርሐ ግብር

ቁርኣን በ30 ጁዝእ፣ በ60 ሒዝብ መከፈሉን ሁላችንም እናውቃለን። በ7 ቀን ለማኽተም ለሚፈልግ ደግሞ በ7 መንዚል ይከፈላል። እነዚህ ክፍፍሎች ሰው የቀኑን ድርሻ አውቆ እንዲያነብና ኸትሙን በታሰበው ቀን እንዲያደርስ ያግዛሉ። በረመዷን በቀን አንድ ጁዝእ እያነበበ በወሩ መጨረሻ የሚያኸትም ሰው፣ ስሙን ባይጠራውም፣ የንባብ መርሐ ግብር ይዞ ነው የሚጓዘው።

ዐብደላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ.) ስለ ቁርኣን ንባብ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር የተነጋገሩት ለዚህ ትልቅ ትምህርት አለው። ነቢዩ በወር አንድ ጊዜ እንዲያኸትሙ ነገሯቸው። እርሳቸው ግን ከዚያ የበለጠ አቅም እንዳላቸው ደጋግመው ገለጹ። በቡኻሪ በተላለፈው ዘገባ ቀኑ እየቀነሰ 7 ሲደርስ ከዚያ እንዳያሳጥሩት ተነገራቸው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ ለንባብ ጊዜ መወሰን በነቢዩ ዘመን የነበረ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ገደቡ ለስንፍና ብቻ ሳይሆን ለጥድፊያም ተቀምጧል። ይህን ሁለተኛውን ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

የወራቆች ገበያ

በ2ኛው ምዕተ ዓመት ሂጅራ ማብቂያ ገደማ ወረቀት በባግዳድ መሠራት ጀመረ። ወረቀት ከብራና ይልቅ ርካሽ በመሆኑ መጽሐፍ በብዛት ይገለበጥና ይሸጥ ጀመር። ይህን ሥራ የሚሠሩት «ወራቅ» ይባሉ ነበር። ወራቅ ወረቀት ይሸጣል፣ ኪታብ ይገለብጣል፣ ይጠርዛል፣ ይነግዳል። በ3ኛው ምዕተ ዓመት የኖሩት የጂኦግራፊ ጸሐፊ ያዕቁቢ በባግዳድ በአንድ አካባቢ ብቻ ከ100 በላይ የወራቆች ሱቆች እንደነበሩ መዝግበዋል።

በዚያ ዘመን ከታወቁት አንባቢዎች አንዱ በ255 ሂጅራ (869 እ.ኤ.አ. ገደማ) ያረፉት የበስራው ጃሒዝ ናቸው። በወጣትነታቸው ዳቦና ዓሣ እየሸጡ የኖሩ ድሃ ነበሩ። ኪታብ የሚገዙበት ገንዘብ ባጡ ጊዜ የወራቆችን ሱቅ ለሌሊት ይከራዩና እዚያው አድረው ሲያነቡ ያነጋሉ። እጃቸው የገባን ኪታብ ሳይጨርሱ አያስቀምጡም ነበር ተብሎ ተዘግቧል። በእርሳቸው ዘመን የኖሩት የኸሊፋው የሙተወኪል ባለሟል ፈትሕ ኢብኑ ኻቃን ደግሞ ኪታብ በእጅጌያቸው ይዘው ወደ ሸንጎ ይገቡ ነበር። ለጉዳይ ከኸሊፋው ፊት ሲነሱ በመንገድ እያሉ አውጥተው ያነባሉ። ድሃው ሱቅ ተከራይቶ፣ ባለሥልጣኑ በእጅጌው ሸሽጎ ያነብ ነበር ማለት ነው። «ገንዘብ የለኝም» እና «ጊዜ የለኝም» የሚሉት ሰበቦች ያኔም መልስ ነበራቸው።

ከመቶ ዓመት በኋላ በ377 ሂጅራ (987 እ.ኤ.አ.) ኢብኑ ነዲም የተባሉ የባግዳድ ወራቅ «አል-ፊህሪስት» የተባለውን የኪታቦች ዝርዝር አዘጋጁ። ዝርዝሩ 10 ክፍሎች አሉት። ስለ ቁርኣንና ስለ ቀደምት መጻሕፍት ይጀምርና ወደ ነሕው፣ ታሪክ፣ ግጥም፣ ዐቂዳ፣ ፊቅህና ሐዲስ ይሻገራል። ከዚያም ወደ ፍልስፍና፣ ሕክምናና ሒሳብ ያልፋል፤ ስለ ሌሎች ሕዝቦች እምነት የተጻፉትንም ይዘረዝራል። ሙስሊሙ ዓለም በዚያ ዘመን ምን ያህል ሰፊ ማዕድ ቀርቦለት እንደነበር ከዚህ አንድ ኪታብ መረዳት ይቻላል።

የኢብኑ ሲና ዓመት ተኩል

ከሰፊው ማዕድ ቀን ቆርጠው ከበሉት መካከል ኢብኑ ሲና (370-428 ሂጅራ፣ 980-1037 እ.ኤ.አ.) ይጠቀሳሉ። እርግጥ ነው፣ በፍልስፍና ጽሑፎቻቸው በያዟቸው አንዳንድ አቋሞች ላይ ዑለማዎች ብርቱ ትችት ሰንዝረዋል። ዛሬ የምናነሳው የንባብ ትጋታቸውን ነው።

ኢብኑ ሲና ስለ ራሳቸው እንደተረኩት በ10 ዓመታቸው ቁርኣንን ጨርሰዋል። የሕንዶችን ሒሳብ የተማሩት ከአንድ አትክልት ሻጭ ነው፤ ፊቅህን ደግሞ ከአንድ ዛሂድ ዓሊም ቀስመዋል። ወደ 16 ዓመት ሲጠጉ ሐኪም ሆነው ሰው ያክሙ ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቢደርስ «በቃኝ» ባለ ነበር። እርሳቸው ግን ዓመት ተኩል ለንባብ ብቻ ቆረጡ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድም ሌሊት ሙሉውን እንዳልተኙ፣ ቀንም ከንባብ ሌላ ሥራ እንዳልያዙ ተርከዋል። ከዚያ ቀደም ያነበቡትን ሎጂክና የፍልስፍና ክፍሎች እንደገና ከመጀመሪያው አነበቡ። የእያንዳንዱን ክርክር መነሻና መደምደሚያ በጽሑፍ እየለዩ አስቀመጡ። ነገሩ ሲጠብቅባቸው ወደ መስጂድ ሄደው ይሰግዱና አላህ እንዲከፍትላቸው ይለምኑ ነበር። ማታ ወደ ቤት ተመልሰው መብራት አብርተው ይቀጥላሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ኪታብ አልፈታ አላቸው። የአሪስጣጣሊስን ሜታፊዚክስ 40 ጊዜ አነበቡት፤ በቃላቸውም ያዙት፤ ትርጉሙ ግን አልገባቸውም። ተስፋ ቆርጠው ተዉት። አንድ ቀን በዐስር ሰዓት በወራቆች ገበያ ሲያልፉ አንድ ደላላ ኪታብ ይዞ ይጣራል። «አልፈልግም» ቢሉት ባለቤቱ ተቸግሮ እንደሆነና በ3 ዲርሃም እንደሚሸጠው ነገራቸው። ገዙት። ያንኑ የከበዳቸውን ኪታብ ዓላማ የሚያብራራ የፋራቢ ድርሰት ነበር። ቤታቸው ገብተው ወዲያው ሲያነቡት የተቆለፈው ሁሉ ተከፈተላቸው። በማግስቱ አላህን ለማመስገን ለድሆች ብዙ ሶደቃ ሰጡ።

በኋላም የቡኻራውን ገዥ ኑሕ ኢብኑ መንሱርን ከሌሎች ሐኪሞች ጋር ሲያክሙ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ለመግባት ፈቃድ ጠየቁ። ብዙ ክፍሎች ነበሩት። በየክፍሉ የኪታብ ሣጥኖች ተደራርበዋል። አንዱ ክፍል የዐረብኛና የግጥም፣ ሌላው የፊቅህ፣ እንዲህ እያለ በየዘርፉ የተለየ ነበር። እርሳቸውም መጀመሪያ የኪታቦቹን ዝርዝር አነበቡ፤ ከዚያ የሚፈልጉትን ጠየቁ። ወጣቱ ሐኪም በዘፈቀደ አላነበቡም። ዝርዝር አዩ፣ መረጡ፣ ጊዜ ወሰኑ፣ ማስታወሻ ያዙ፣ የከበዳቸውን ደጋገሙ።

ኢማሙ ገዛሊ፦ ከመናገር በፊት ማንበብ

ኢማሙ ገዛሊ (450-505 ሂጅራ፣ 1058-1111 እ.ኤ.አ.) በ484 ሂጅራ በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ አስተማሪ ሆኑ። እዚያ ሳሉ ፈላስፎች በሙስሊሞች አስተሳሰብ ላይ ስላሳደሩት ተጽዕኖ ተጨነቁ። ዛሬ ብንሆን ኖሮ በሚቀጥለው ጁሙዓ ሚንበር ላይ ወጥተን እናወግዛቸው ነበር። ኢማሙ ግን እንዲያ አላደረጉም። የአንድን ትምህርት ስሕተት ማጋለጥ የሚችለው ትምህርቱን ከባለቤቶቹ እኩል ያወቀ፣ ከዚያም ያለፈ ሰው ብቻ መሆኑን ያምኑ ነበር። ሳያውቁ መልስ መስጠት በጨለማ ድንጋይ መወርወር ነው።

ስለ ሕይወታቸው በጻፉት ኪታብ እንደተረኩት ያን ጊዜ 300 ደረሳዎችን ያስተምሩ ነበር። ከማስተማርና ከመጻፍ በተረፈቻቸው ሰዓት፣ ያለ አስተማሪ፣ የፈላስፎችን ኪታቦች በራሳቸው አነበቡ። ከ2 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ትምህርታቸውን ከዳር እስከ ዳር አወቁ። ያም አልበቃቸውም። አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያነበቡትን እያመላለሱ ሲያሰላስሉ ቆዩ። መጀመሪያ የፈላስፎቹን አስተሳሰብ ሳያዛቡ የሚያስረዳ ኪታብ ጻፉ። ቀጥሎም በ488 ሂጅራ (1095 እ.ኤ.አ.) «ተሃፉተል ፈላሲፋ» የተባለውን መልሳቸውን አጠናቀቁ። ዛሬም ድረስ የሚጠቀስ የሆነው ከንባብ በኋላ ስለተጻፈ ነው።

ኢማሙ ስለ ንባብ ስፋት የተናገሩት ሚዛናዊ ነው። ሐቅ በተሳሳተ ሰው ኪታብ ውስጥ ስለተገኘ ብቻ አይጣልም ይላሉ። ማር ደም በሚቀዳበት የዋግምት ብርጭቆ ውስጥ ቢቀመጥ ማርነቱን አያጣም። ይህን ሲሉ ግን ዋና የማያውቅ ሰው ከሚያንሸራትት የወንዝ ዳር እንዲጠበቅ አስጠንቅቀዋል። ስለዚህ ሰፊ ንባብ ማለት ያገኙትን ሁሉ መጎሰር አይደለም። መጀመሪያ በዐቂዳና በመሠረታዊ ትምህርት ዋናውን መልመድ፣ ከዚያ ወደ ጥልቁ መግባት ነው።

እህቶችና ወንድሞች! ይህን ወደ ራሳችን እናምጣው። በየመስጂዱ ጥግና በየሻይ ቤቱ ስለ አንድ ዓሊም ክርክር ይነሳል። አንዱ ያወድሳል፣ ሌላው ያወግዛል፤ ሰላምታ እስከ መነፋፈግ የሚደርሱም አሉ። ከተከራካሪዎቹ መካከል የዚያን ዓሊም አንድ ኪታብ እንኳ አንብቦ የጨረሰ ማን ነው? አንዱ ከካሴት የሰማውን፣ ሌላው ከጓደኛው የሰማውን ይዞ ወንድሙን ያስቀይማል። ኢማሙ ገዛሊ ለሚቃወሟቸው ሰዎች 3 ዓመት ገደማ ሰጡ። እኛ ለገዛ ወንድማችን 3 ቀን እንኳ አንሰጥም።

ብዛትና ጥልቀት

ኢብኑል ጀውዚ (በ597 ሂጅራ፣ 1201 እ.ኤ.አ. ያረፉ) ገና በተማሪነታቸው ከ20,000 በላይ ጥራዞችን እንደተመለከቱ ጽፈዋል። በኒዛሚያ መድረሳ በወቅፍ የተቀመጡትን 6,000 ያህል ጥራዞች ዝርዝር ተመልክተዋል። ያላዩት ኪታብ ሲያጋጥማቸው የተቀበረ ሀብት ያገኙ ያህል ይደሰቱ ነበር። የቀደምቶችን ታሪክ ማንበብ የወደቀ ወኔን ያነሳል ብለውም ይመክራሉ። አንድ ልማዳቸው ለቤተሰብ ኑሮ በጣም ይጠቅማል። እንግዳ በመጣ ጊዜ እንግዳውን ላለማስቀየም ሲጫወቱ ሐሳብ የማይጠይቅ ሥራ ይሠሩ ነበር፤ ወረቀት ይቆርጣሉ፣ ብዕር ይቀርጻሉ፣ ደብተር ይጠርዛሉ። እንግዳው ሲሄድ የንባብና የጽሑፍ ሰዓታቸው ሳይነካ ይቆያቸዋል።

የባግዳዱ ኸጢብ (በ463 ሂጅራ ያረፉ) ሶሒሕ አል-ቡኻሪን በሙሉ በ3 መጅሊስ በአንድ ሸይኽ ፊት አንብበው ጨርሰዋል። ሁለቱ ከመግሪብ እስከ ፈጅር ነበሩ። ለሐጅ መካ በሄዱ ጊዜ ደግሞ ይህንኑ ኪታብ በ5 ቀን በአንዲት ሴት ዓሊም ፊት አነበቡ። እኚህ ሴት ከሪማ አል-መርወዚያ ናቸው። ተማሪዎቻቸው ከእርሳቸው ያገኙትን ቅጂ ከዋናው ጋር ሳያመሳክሩ እንዲያስተላልፉ አይፈቅዱም ነበር። «ኪታብ የወንድ ነው» የሚል ሰው ኸጢብ በማን ፊት ተንበርክከው እንዳነበቡ ያስታውስ።

ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ (773-852 ሂጅራ) ደግሞ በ802 ሂጅራ ወደ ደማስቆ ሄደው ሁለት ወር ከሲሶ፣ 70 ቀን ገደማ ተቀመጡ። በዚያ ጊዜ ወደ 100 የሚጠጉ ጥራዞችን በሸይኾች ፊት እንዳነበቡ ተማሪያቸው ሰኻዊ ጽፈዋል። 1,500 ያህል ሐዲሶች ያሉትን የጦበራኒን ትንሹን ሙዕጀም በአንድ መጅሊስ፣ በዙህርና በዐስር መካከል ጨርሰዋል።

ታዲያ ከ40 ጊዜ ንባብና ከአንድ መጅሊስ ንባብ የትኛው ይሻላል? ሁለቱም ቦታ አላቸው። ኢብኑ ሐጀርና ኸጢብ በፍጥነት ያነበቡት ቃሉን ከሸይኽ ለመቀበልና ለማመሳከር ነው፤ ማብራሪያውማ ሌላ ጊዜ ይፈልጋል። ኢብኑ ሐጀር ለዚያው ለቡኻሪ የጻፉት «ፈትሑል ባሪ» የተባለው ማብራሪያ ከ20 ዓመት በላይ ወስዶባቸዋል። በአንድ መጅሊስ ኪታብ የሚጨርስ ሰው ለሌላው ኪታብ 20 ዓመት ይሰጣል። በዓመት ስንት መጽሐፍ እንዳነበበ ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን ያስብ።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ

እኛም የዚህ ታሪክ ባይተዋር አይደለንም። በወሎ በዳና፣ በገታና በሌሎች የዒልም ማዕከላት ደረሳ ስንቁን ቋጥሮ ከቤቱ ይወጣል። አንዱ ሸይኽ ዘንድ ነሕው፣ ሌላው ዘንድ ፊቅህ፣ ሌላው ዘንድ ተፍሲረል ጀላለይን ይቀራል። ስፋቱን ያገኘው በእግሩ ነው። ኪታብ ብርቅ ስለነበረ በእጁ ይገለብጣል፤ የመንደሩ ሰው በሚሰጠው ቁራሽ እየዋለ በእሳት ብርሃን ያጠናል። በሐረርም የኪታብ ግልበጣና የጥርዝ ሙያ ለብዙ ዘመን ኖሯል፤ በሸሪፍ ሙዚየም የተሰበሰቡት በመቶዎች የሚቆጠሩ የእጅ ጽሑፎች ለዚህ ምስክር ናቸው። እንደ ሸይኽ ጦልሓ ያሉ ዓሊሞች ደግሞ ዐረብኛ የማያውቀው ሕዝብ እንዲጠቀም በዐረብኛ ፊደል አማርኛ ጽፈዋል።

በ1961 ዓ.ም. የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም ታተመ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የአማርኛ ኢስላማዊ መጻሕፍት በየሱቁ ይገኙ ጀመር። አያቶቻችን አንድ ኪታብ ፍለጋ ስንት ቀን በእግራቸው ተጉዘዋል። እኛ ግን ደጃችን ድረስ የመጣውን አንገልጥም።

እኛስ ምን እናድርግ?

የሂጅራ ዓመት 354 ቀን ገደማ ነው። በቀን 10 ገጽ ብቻ የሚያነብ ሰው በዓመት 3,540 ገጽ ያነባል። ይህም ባለ 300 ገጽ 12 መጻሕፍት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። 10 ገጽ ከሱብሒ በኋላ፣ ወይም ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ጊዜ ይነበባል። ከሥራ ሁሉ አላህ ዘንድ ተወዳጁ፣ ቢያንስም የሚዘወተረው መሆኑን ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ተምረናል።

እንግዲህ ቤተሰቡ በሙሐረም መባቻ ተቀምጦ የዓመቱን ዝርዝር ያውጣ። ሲራ ይኑርበት፤ ተፍሲርና ፊቅህ ይኑርበት። የሀገራችን ታሪክ፣ የጤናና የልጅ አስተዳደግ መጽሐፍም ይግባበት። ከተማሩት መካከል ደግሞ፣ ዋና የሚያውቁቱ፣ ስሙን ሰምተው የሚቃወሙትን ጸሐፊ አንድ መጽሐፍ በራሱ ቃል ያንብቡ። የገባንን በደብተር እንጻፍ። ያልገባንን ለዑለማ እንጠይቅ፤ ከመጽሐፍ ብቻ የሚማር ሰው ስሕተቱን የሚያርመው የለምና። መግዛት ያልቻለ ከጎረቤቱ ይዋስ፣ ያነበበውም በአደራ ይመልስ። ፊደል ያልቆጠሩ እናትና አባት ካሉ ልጆች ጮክ ብለው ያንብቡላቸው፤ ኸጢብና ኢብኑ ሐጀርም ያነበቡት ድምፃቸውን አሰምተው ነበር።

መሐል ላይ የደከመው ሰው ዝርዝሩን ቀድዶ አይጣል። በ40ኛው ንባብ ተስፋ ለቆረጠው አንባቢ መፍትሔው በ3 ዲርሃም ገበያ ላይ ይጠብቀው ነበር።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጠን፤ ባወቅነው የምንሠራ፣ ያላወቅነውን ሳንናገር የምንጠይቅ ያድርገን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።